ያመንኩት ድንጋይ

ይህ የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ቢቸና ስምንተኛ ክፍል ስማር ነው። ሸምግዬም ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

የሳይንስ አስተማሪያችን አንድ ቀን፣ «ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲያልፍ ማግኔት እንደሚፈጠር ታውቃላችሁ። አሁን ደግሞ ኤሌክትሪኩ ሳያልፍባቸው፣ ኤሌክትሪክ በተሞሉ ሁለት ብረቶች መሃል ሲቀመጡ ብቻ ማግኔትነታቸው የሚለወጥ ማዕድናት ተገኙ ይባላል» አሉን። እኔ እንቅልፍ አጣሁ።

ከወንዝ ጥቁር ድንጋይ ለቅሜ በሁለት ቆርቆሮ መሃል አኖርኩና ቆርቆሮዎቹን ከሬዲዮ ባትሪ ጋር አያያዝኩ። አጠገቡ የተዋስኩትን ኮምፓስ አስቀመጥኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። አንድ ቀን ግን አብሮኝ የሚኖረው የልብ ጓደኛዬ ደምሴ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ሳለ፣ ባትሪውን ሳገናኝ ዞር አለች። በማርያም! ተቃቅፈን ጨፈርን።

አባቴ ሞጣ መሪጌታ ነበሩ። ቅኔ ቤት ትቼ አስኳላ መግባቴን አልወደዱትም። የወላጆች ቀን ሲደርስ፣ «መጥተው ይዩልኝ፤ ካልወደዱት እመለሳለሁ» ብዬ ላክሁባቸው። ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጡ።

ደምሴ ረዳቴ ሆኖ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠ። ባትሪውን አገናኘሁ፣ መርፌዋ ዞረች፣ ሰው አጨበጨበ። አስተማሪያችን ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ። እኔ ልቤ ሞልቶ፣ «ተንኮል የለበትም፤ የጠረጴዛውን ጨርቅ ገልጠው ይዩ!» አልኩ። ደምሴ እጄን ጎተተኝ። አልሰማሁትም፤ ራሴው ገለጥኩት።

ደምሴ ጉልበት ላይ፣ ከተሰበረ ሬዲዮ የወጣ ማግኔት በጨርቅ ታስሯል።

«እሱ ነው እሰር ያለኝ» አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

አባቴ አልተቆጡም። «ማታለል ልትማር ነው ከቅኔ ቤት የወጣኸው?» አሉኝና በማግስቱ ሞጣ ይዘውኝ ተመለሱ። ብምል ብገዘት አላመኑኝም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አጎቴ ለምነውልኝ ትምህርቴን ጨርሼ አስተማሪ ሆንኩ። የተባሉት ማዕድናት እውነት መኖራቸውንም አነበብኩ። ለውጣቸው እጅግ ጥቂት ስለሆነ በኔ ኮምፓስ የሚታይ አልነበረም፤ ለዚያውም ከወንዝ በለቀምኩት ድንጋይ!

አባቴ ሲታመሙ፣ ደምሴ መጥቶ እውነቱን እንዲነግራቸው ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁበት። አልመጣም። ልጃቸው አታላይ እንደሆነ አምነው አረፉ።

ኋላ ሰርግ ላይ ተገናኘን። «ሁለት ሳምንት ስትተክዝ አሳዝነኸኝ፣ ላስደስትህ ብዬ እኮ ነው!» አለኝ እየሳቀ። ማግኔት ማሰሩንስ ይቅር ባልኩት። የዘረጋልኝን እጅ ግን አልጨበጥኩም፤ ዛሬም ቢሆን አልጨብጥም።