ጨረቃ ላይ የሚኖሩ ሰዎች መጽሐፍ

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ባልንጀራዬ ፊታቸው ቆማለች፤ ሁለት ሽማግሌ ገበሬዎች ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ።

ባልንጀራዬ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ባለ መንደር መሠረተ ትምህርት ታስተምር ነበር። ጨረቃ ላይ ወጥተው ስለሚኖሩ ሰዎች የሚተርክ ልብ ወለድ «አንብቢላቸው፣ ይወዱታል» ብዬ የሰጠኋት እኔ ነኝ። የመንግሥት መመሪያም የሚነበበው እዚያው ክፍል ስለነበር፣ ሽማግሌዎቹ የሰፈራ ትእዛዝ መስሏቸው በሬዎቻቸውን ሸጡ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ፈጠራ እኮ ነው» አለች።

«ፈጠራ በመጽሐፍ ይጻፋል እንዴ፣ ልጄ?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«መጽሐፉን ማን ሰጠሽ? ካልተናገርሽ ትታሰሪያለሽ» አሉ ሊቀመንበሩ።

ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች። ወደ እኔም አላየችም።

ሊቀመንበሩ ዞረው «አንቺስ የምትነግሪን አለ?» አሉኝ።

«የለም» አልኩና ወጣሁ።