የተሰፋው ምዕራፍ

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው አሰላ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው ወጣት የባዮሎጂ መምህራችን፣ እንስሳትና ሰው በረጅም ዘመን እንዴት እየተለወጡ እንደመጡ የሚያወራውን ምዕራፍ ጀመረልን። በማግስቱ ከተማው "ልጆቻችንን የዝንጀሮ ዘር ናችሁ አላቸው" በሚል ወሬ ታመሰ። አንዱ ያረደውን ሌላው የማይቀምሰው ቄሱና ሼኩ እንኳ ጎን ለጎን ሆነው ዳይሬክተሩ ቢሮ ገቡ።

መምህሩን የጠየቀው የለም። ጎበሳ የምትባል የገጠር ከተማ ወርዶ ሕፃናት ፊደል እንዲያስቆጥር ተደረገ። ቀጥሎ ዳይሬክተሩ (አንቱ ልለው አንደበቴ እምቢ ይለኛል) ምዕራፉ እንዳይነበብ ወሰነ። ገጹ ይቀደድ እንዳይል ደግሞ መጽሐፉ የመንግሥት ንብረት ነው። ስለዚህ ባልትና የምንማረውን ሴቶች ገጾቹን እርስ በርስ በመርፌና በክር አሰፋን! ካልተስማማቸው አይከራከሩትም? መርፌ ምን አመጣው? ይባስ ብሎ ክርስቲያኑን ወንጌል፣ ሙስሊሙን ቁርዓን አስነክቶ "ስፌቱን አልፈታም" አስባለን።

እኔ በሳምንቱ በምላጭ ተርትሬ አነበብኩት፤ ቅንጣት አልቆረቆረኝም። አጠገቤ የምትቀመጠው ከሁሩታ ከተማ የመጣችው ልጅ ግን እምቢ አለች። አባቷ ቁርጡን ነግረዋታል፤ ማትሪክ ካለፈች ሕክምና ትማራለች፣ ከወደቀች ለአንድ የሲሬ ከተማ ነጋዴ ትዳራለች።

"ነይ አብረን እናንብበው፣ ፈተና ላይ ይመጣል" አልኳት።

"ቁርዓን ነክቼ? ወላሂ አልፈታም! ደግሞ ዳይሬክተሩ ለእኛ ክፉ ያስባሉ እንዴ?"

ፈተናውን ያወጡት አዲስ አበባ ነው፤ እዚያ ማንም ምንም አልሰፋም። ከዚያ ምዕራፍ ጥያቄው ተደረደረ። በሌላው ትምህርት ከእኔ የምትበልጠውን ልጅ ባዮሎጂ ጣላት።

ሠርጓ ላይ ዳይሬክተሩ የክብር ቦታ ተሰጥቶት ተቀምጧል። ለአባቷ "ቃሏን የጠበቀች ጨዋ ልጅ ናት፣ ይባርክልዎ" ሲል ሰማሁት። ሙሽራዋ አንገቷን ደፍታለች። አፌን መያዝ አቃተኝ።

"አዲስ አበባ የሚያስተምሯት የእርስዎ ልጅስ? የእሷም ምዕራፍ ተሰፋ?" አልኩት።

ቅር እንኳ አላለውም።

"እሷማ ሕክምና ልትገባ አይደል" አለኝ፣ "ያስፈልጋታል።"