የጌሱን ፉጨት

ቡ ቹንጃ በኮሪያዋ ጄጁ ደሴት ትንፋሻቸውን ይዘው ከባሕር ወለል ቀንድ አውጣ ከሚለቅሙት ጠላቂ ሴቶች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ናት፤ በግትርነትማ የሚስተካከላት የለም። ደም ብዛቷ አልወርድ ብሎ የጠላቂዎቹ አለቃ «ካልቀነሰ ባሕር የሚባል የለም» ካለቻት ወዲህ ግን እህል ከአፏ አይገባም። አራስ ወገቧ ሳይጠና ባሕር የገባች ሴት፣ ዛሬ በመንደሩ አዳራሽ ወለል ላይ ከደም ብዛተኛ ጓደኞቿ ጋር ተጋድማ ጭንቀት ማቅለል ትማራለች። ወይ ጉድ!

«አየር ወደ ውስጥ ሳቡ... ያዙት» አለች አሠልጣኟ ነርስ ህዮን።

ሁሉም ያዙ፤ ቆየት ብለው ለቀቁ። ቹንጃ ብቻ አልለቀቀችም።

«እማማ ቹንጃ! ይተንፍሱ እንጂ፣ በድንጋጤ ሊገድሉኝ ነው?»

«ያዙት አልሽ፤ ልቀቁት መቼ አልሽ?»

አሮጊቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«በሉ አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑና ልባችሁ ወደሚያርፍበት ቦታ ሂዱ።»

ቹንጃ ሌላ ማረፊያ አታውቅምና ወደ ባሕሩ ወለል ወረደች። እዚያ የዕድሜ ልክ ባልንጀራዋ ያንግ ጌሱን ተቀምጣለች። ጌሱን ባለፈው ጸደይ ወደ ላይ ልትወጣ ስትል ከአለት የተጣበቀ ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ አየች። ትንፋሽ ሲያልቅ ያዩትን ትቶ መውጣት የጠላቂ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ጌሱን ግን ተመለሰች፤ በዚያው ቀረች። አሁን ያንኑ ቀንድ አውጣ ፈገግ ብላ ዘረጋችላት። ቹንጃም ልቧ ረግቶ እጇን ሰደደች።

ያኔ ፉጨት ተሰማ። ጠላቂ ከውኃ ብቅ ስትል የያዘችውን ትንፋሽ በፉጨት ነው የምታወጣው፤ ሴቶቹም ሳይተያዩ በዚያ ይተዋወቃሉ። ይኼኛው ጫፉ ላይ ይሰበራል። ጌሱን የፊት ጥርስ ስላልነበራት የእሷ ብቻ እንዲህ ይሰበር ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ በሩ ዞሩ። በሩ እንደተዘጋ ነው።

«ማን ናት ያፏጨችው? ጎበዝ፣ እንደዚያ ነው!» አለች ህዮን። ለአገሩ እንግዳ ናት።

የቹንጃን የደም ግፊት ለካች፤ ደግማ ለካች።

«እማማ፣ ወረደ! ነገ ባሕር ይገባሉ። የት ሄደው ነው እንዲህ የተረጋጉት?»

ቹንጃ ለዚህች ቃል ስንት ተስላ ነበር። አሁን ግን ፈራች። ጌሱንን ማየቷ አልነበረም ያስፈራት፤ እንደ እሷ ለቀንድ አውጣው እጇን መዘርጋቷ ነው።

የነርሷን ክንድ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ልጄ፣ ለአለቃችን... አልወረደም በያት።»