ላልተገኘ ቅንጣት የተሳልኩት ጃንጥላ

የዚያን እሑድ ዶቨር ሰፈር ባለው ቤታችን ምሳ ላይ የነበርነው አራት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አጠገባችን ካለችው ኤርድሪ ከተማ የመጡት ታላቅ ወንድሙና ከሰዓት በኋላ ወደ ኦንታሪዮ የምትበረው ልጄ።

ልጄ የፊዚክስ ተማሪ ናት። እዚያ የሚጠብቃት ሥራ ማዕድን ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ፣ ስልክ በማይሠራበት ጥልቀት ነው። ዳርክ ማተር የሚባል ነገር ይፈልጋሉ። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ስለሆነ ደጋግማ አስረድታኛለች።

"ለመሆኑ አይታችሁት ታውቃላችሁ?" አሏት ታላቅ ወንድሙ እየጎረሱ።

"አይታይም ጋሼ። ግን ጋላክሲዎች የሚዞሩበትን ፍጥነት ሲያዩት፣ የማይታይ ክብደት ባይዛቸው ይበታተኑ ነበር። ያ ክብደት ነው ዳርክ ማተር። ሱፐርሲሜትሪ የሚባል ቲዎሪ አለ። የምናውቀው ቅንጣት ሁሉ ገና ያላየነው ከባድ አቻ አለው ይላል። ከአቻዎቹ በክብደት ቀላሉ የማይፈርስ ከሆነ፣ ዳርክ ማተር እሱ ሊሆን ይችላል።"

"ሊሆን ይችላል" አሉ እየሳቁ። "የኛ ሰፈር አውቶብስም እንደዚሁ ነው። ይመጣል ይባላል።"

እሷም ሳቀች። እኔ ግን "ሊሆን ይችላል" የሚለው ነገር ሰልችቶኛል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚፈለገው?" አልኳት።

"እኔ ሳልወለድ ጀምሮ፣ እማዬ።"

ያን ጊዜ አመለጠኝ። "እመቤታችን ታስገኝልሽ ብዬ ጃንጥላ ተስያለሁ።"

"እማዬ፣ ኖ። አለመገኘቱም እኮ ሪዘልት ነው። የት እንደሌለ ካወቅን የሚቀረው ቦታ ይጠባል። ባይገኝም እመረቃለሁ።"

"ጃንጥላውስ?"

ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። ሳቁን እየዋጠ እንደሆነ ስለገባኝ ባሰብኝ።

"ለሌለ ነገር ነው እንዴ መሬት ውስጥ የምትገቢው?" አልኳት፣ በትልቅ ሰው ፊት።

አየር ማረፊያ ስንደርስ ሻንጣዋን ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች። "ኮል አደርጋለሁ" ብላ ገባች።

በማግስቱ ቄሱን፣ ስለቴን በልጄ ደህንነት ልለውጠው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። "ስለት አይለወጥም፤ ሲደርስ ታስገቢያለሽ" አሉኝ። መጀመሪያውኑ በየቀኑ በሰላም እንድትወጣልኝ መሳል ነበረብኝ። ለቅንጣት የተሳልኩት ምን ነክቶኝ ነው? ጃንጥላው ተገዝቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

ይኸው ዘጠነኛ ቀኗ ነው፣ አልደወለችም። ብደውልም አይነሳም። ይህን ከምታነቡ መሃል ኦንታሪዮ፣ ማዕድን ማውጫው አካባቢ የምትኖሩ ካላችሁ፣ ከዚያ ጉድጓድ የምትወጣ ፊዚክስ የምትማር ሐበሻ ልጅ ካያችሁ፣ እባካችሁ እንዴት እንደሆነች ንገሩኝ።