ከፍ ያለው አግዳሚ

ቦንጋ እየኖረ ጫካ የማይወድ ሰው ካለ እትዬ ወለተሥላሴ ናቸው። ከባላቸው ከጋሽ ደጀን ጋር ከሸዋ መጥተው ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ ከፈቱ። ብዙም ሳይቆዩ ጋሽ ደጀን ሜትሩን ጥለው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ጥብቅ ደን ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩ። ዘመድ ሁሉ አበደ አላቸው። እትዬ ወለተሥላሴ አኮረፉ። ኩርፊያው ባላቸው እስኪሞቱ ድረስ ዘለቀ።

ጎረቤታቸው ነኝና ሁሉንም ሰምቻለሁ። ጋሽ ደጀን እሑድ እሑድ ወደ ሥራ ሲወጡ «ወለቴ፣ ዛሬ እንኳ ነይና ፏፏቴውን ላሳይሽ» ይሏቸዋል። እሳቸውም «ጉልበቴን እያወቅህ!» ይላሉ። የግራ ጉልበታቸው በሽተኛ መሆኑ እውነት ነው። ቁመታቸው መለሎ ስለሆነ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ከተቀመጡ ሰው ካልደገፋቸው አይነሡም። ግን ምክንያቱ ጉልበቱ ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን ወደ ጫካው እያዩ «ጣውንቴን ልጎብኛት እንዴ?» ሲሉኝ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ጋሽ ደጀን አምና በክረምት አረፉ። ሙት ዓመታቸው እንደወጣ እትዬ ወለተሥላሴ ቤቴ መጡና «እሑድ ጫካው ድረስ ውሰጂኝ» አሉ።

«ምን ሊያደርጉ?»

«ከእኔ በምን እንደበለጠች አይቼ ልረፈው።»

በባጃጅ እስከ ደኑ በር ሄድን። ለሽርሽር የወጣው ሰው ብዙ ነው፤ ተማሪው፣ ሙሽራው፣ ፎቶ የሚነሳው። ዝማሬ የምትባል የአገሩ ልጅ አስጎበኘችን። እትዬ ወለተሥላሴ ማን እንደሆኑ አላወቀችም፤ እኔም እንዳልናገር በክርናቸው ጎሸም አድርገውኛል። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ሰው ሁሉ አንጋጠጠ። እሳቸው መሬት መሬቱን እያዩ በከዘራ ዳገቱን ይወጣሉ። አጋማሹ ላይ ፊታቸው ገረጣ። ደነገጥኩ፤ በልቤም ግትርነታቸውን ረገምኩ።

«እዚህ ጋ ማረፊያ አለ» አለች ዝማሬ።

ከወደቀ የዋንዛ ግንድ የተሠራ አግዳሚ ነው። ቀድመው የተቀመጡበት ሁለት ተማሪዎች እግራቸው አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

«የድሮው ጠባቂያችን ጋሽ ደጀን ናቸው የሠሩት» አለች ዝማሬ ፈገግ ብላ። «ጎብኚው ሁሉ ከፍታው አይመችም ይላል። ዝቅ እናድርገው ብንላቸው ‹የተሠራላት ሰው ሳትቀመጥበት ማንም አይነካውም› ብለው ተቆጡን። የእጅ መደገፊያውንም ለምን በግራ በኩል ብቻ እንዳደረጉት አልገባንም። እሑድ እሑድ ጠዋት ጠርገውት ወደ መንገዱ እያዩ አጠገቡ ይቆማሉ። አንድም ቀን ሲቀመጡበት አላየሁም።»

ተማሪዎቹ ተነሡላቸው። እትዬ ወለተሥላሴ ተቀመጡ። እግራቸው መሬቱ ላይ ደልደል ብሎ አረፈ። ግራ እጃቸውን መደገፊያው ላይ አሳረፉ። እንባቸው ሲወርድ አይቼ እኔም አለቀስኩ። ዝማሬ ግራ ገብቷት አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች።

በመጨረሻ «ፏፏቴው ቅርብ ነው እትዬ፣ እንሂድ?» አለቻቸው።

ላስነሣቸው እጄን ዘረጋሁ። ገፉኝ። መደገፊያውን ይዘው ብቻቸውን ቀጥ ብለው ተነሡ። ለአፍታ ቆመው አግዳሚውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው ተቀመጡ።

«እናንተ ሂዱ» አሉን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእኛ ሳይሆን፣ «መጣሁ ደጀኔ፤ ዘገየሁብህ» አሉ።