አዴ ብርቄ ውሻቸውን ያረሱ ዕለት

በነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር የወለደች ሴት ሁሉ አዴ ብርቄን ታውቃቸዋለች። እናቷ የራቀችባት፣ አማቷ የታመመችባት፣ ብቻ የሚያርሳት ሰው ያጣች ካለች የምትጠራው እሳቸውን ነው። እኔንም አርሰውኛል። እናቴ ደጀን፣ እኔ ነቀምቴ፤ መንገዱ አላስመጣት ሲል አዴ ብርቄ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤቴ ገቡ። መስኮቱን በጋቢ ጋረዱ፣ በሩን ጠረቀሙ፣ ከሰሉን አቀጣጠሉ፣ አጥሚቱን በላይ በላዩ ያጠጡኝ ጀመር። ሞቀኝ ብል ማን ሰምቶኝ! አራስን ብርድ ከመታት ዕድሜ ልኳን ወገቤን እንዳለች ትኖራለች ባይ ናቸው፤ በዚህ ነገር ከሳቸው ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መከራከር ነው።

እሳቸው ራሳቸው ግን አልወለዱም። ባለቤታቸው አቶ ጉደታ ካረፉ ወዲህ ግቢው ውስጥ ያሉት እሳቸውና ውሻቸው ዳማ ብቻ ናቸው።

ታዲያ በዚህ ሐምሌ፣ ዝናቡ አላባራ ባለ በአንዱ ጠዋት፣ በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ። «ሔለን፣ ነይ ልጄ! ዛሬስ በእኔም ቤት አራስ አለች» አሉኝ። ሊጡን ትቼ ሮጥኩ። ዳማ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አምስት ቡችሎች ወልዳለች! ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ እጄ መዳፍ ውስጥ የሚገቡ። አዴ ብርቄ ደግሞ ከደስታቸው ብዛት አንዴ ይስቃሉ፣ አንዴ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። «ኢጆሌ ኮ፣ ልጆቼ» ይላሉ በየመሀሉ።

ከዚያማ ሥራ ተጀመረ። ምን ሠሩ መሰላችሁ? ልክ እኔን እንዳረሱኝ! መስኮቱን በማዳበሪያ ከረጢት ደፈኑት። ከሰል አስገቡ። ዳማን አሮጌ ጋቢ አለበሷት፣ ትኩስ አጥሚት በቅቤ አቀረቡላት። እኔም አጨብጭቤ አገዝኳቸው፤ ሞኝ ነኝና።

ዳማ አጥሚቱን አሽትታ ተወችው። ጋቢውን ረግጣ ጣለችው። ምላሷን አውጥታ ታለከልክ ጀመር፤ ቡችሎቹ ጡት ፍለጋ ሲድኹ እሷ ብድግ ትላለች። በሩን ብንከፍትላት አንዱን በአፏ አንጠልጥላ ወጣችና አጥሩ ሥር፣ ዝናብ የሚያንጠባጥብበት ጭቃ ላይ ተኛች። አዴ ብርቄ ቡችላውን ነጥቀው መለሱ። ሌላውን ይዛ ወጣች። መለሱ። እንደገና ወጣች።

አዴ ብርቄ ተናደዱ። እናት ሆና ትጨክናለች እንዴ ብለው ዳማን በገመድ አሰሯት፤ በሩንም ዘጉ። እሷም ቆማ ቀረች፤ አልተኛም አለች። ልጆቹ አለቀሱ፣ አለቀሱና ድምፃቸው ደከመ። ከሁሉም ታናሿ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ ጭቃ ላይ ስትወሰድ ስትመለስ ቀዝቅዛ ኖሮ እንቅስቃሴዋ ጠፋ። አዴ ብርቄ አንስተው ደረታቸው ውስጥ ከተቷት። በመዳፋቸውም ጀርባዋን ያሻሹ ጀመር። ስንት የሰው ልጅ ተቀብሎ ያሳደገ እጅ!

«የሰውን ሁሉ አርሼ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «የራሴን ቤት አራስ ልገድል ነው?»

ከዚያ ቡችላዋን እንዳቀፉ ከሰሉ አጠገብ ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆዩ ላብ ፊታቸው ላይ ይወርድ ጀመር። ሹራባቸውን አወለቁ። ቀጥሎ ሻሻቸውን ፈቱ። በመጨረሻ አልቻሉምና አየር ልቀበል ብለው በሩን ገርበብ ሲያደርጉ፣ ዳማ ገመዷን እስከ መጨረሻው ስባ ሆዷን በሩ ሥር ባለው ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ዘረጋች። ምላሷን ሰበሰበች። ማለክለኳ በአንዴ ቆመ።

አዴ ብርቄ ዳማን አዩ፣ እጃቸው ላይ ያለውን ሻሽ አዩ። «ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ!» አሉ። «እኔ ያለ ፀጉር የማልችለውን እሷ ከነፀጉሯ ትችለዋለች? ሙቀቱ የሚያስፈልገው ለልጆቹ እንጂ ለእሷ አይደለም እኮ!»

ኧረ ከዚያ በኋላማ ማን ይይዛቸዋል! ገመዱን ፈቱ። ከሰሉን ደጅ አወጡ፤ በተዘጋ ቤት እንኳን ለውሻ ለሰውም አይበጅም። ማዕዘኑ ላይ ገለባ ነሰነሱ፣ እኔን ውሃ እንዳሞቅ አዘው በሃይላንድ ሞሉት፣ በአቶ ጉደታ አሮጌ ካልሲ ከተው ከቡችሎቹ ጎን አስቀመጡት። በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ። ለዳማም ትኩሱ አጥሚት ተነሥቶ ንጹህ ውሃና የበረደ ፍትፍት አፏ ሥር ቀረበላት። ዳማ ከበሩ ሥር ተነሥታ ወደ ልጆቿ ሄደችና ጀርባዋን ለቀዝቃዛው ሲሚንቶ፣ ጡቷን ለልጆቿ ሰጥታ ተጋደመች። አራቱ ተረባርበው ጡት ያዙ። ታናሿን አዴ ብርቄ ከደረታቸው አውጥተው አፏን ከጡቱ ጋር አገናኙት። አልያዘችም። እንደገና አገናኙት። እኔ ማየት አቅቶኝ ፊቴን አዞርኩ።

«ያዘች» አሉ።

ዘልዬ አቀፍኳቸው፤ ሁለታችንም ለትንሽ ገለባው ላይ ልንወድቅ ነበር።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ሁለት ጊዜ ያረሷት ጎረቤታችን ኬኔ፣ ቅቤ መሀሉ ላይ የቀለጠበት ማርቃ፣ የአራስ ገንፎ፣ ይዛ መጣች። «ባጋ ገመዳን፣ እንኳን ደስ አለዎት» ብላ ሳህኑን ዳማን አልፋ ለአዴ ብርቄ ሰጠቻቸው። ሊስቁ ጀምረው አልሆነላቸውም፤ ዕንባቸው ቀደመ። እኔ የቤቱን ጋቢ አምጥቼ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግኩና፣ እንደ አገሬ ወግ፣ «እንኳን ማርያም ማረችዎት» አልኳቸው። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ ይህን ባልኩ ቁጥር «ጌታ በዪ» ብለው ያርሙኛል። ያን ዕለት ግን አላረሙኝም።

«አሜን» አሉ፤ ከማርቃው አንዴ ጎረሱና ጋቢውን ከትከሻቸው ገፋ አደረጉ። «በሩን ብቻ እንዳትዘጉብኝ።»