ለአውሮፕላን ያፏጩት ጋሽ ሰይድ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ ለአውሮፕላን አፏጩ። ምስክሩ እኔ ነኝ።

ሸዋ ሮቢት ዳር ካለው ማሽላቸው መሀል፣ ማማው ላይ ሆነን ወፍ እየጠበቅን ነበር። በእኛ ቀወት ወረዳ ወፍ ጠባቂዎች ከማማ ማማ በፉጨት ነው የሚነጋገሩት። አንዱ ሲያፏጭ ሌላው «አለሁ፣ አልተኛሁም» ሲል በፉጨት ይመልሳል።

«ጎረምሳ ሳለሁ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ» አሉኝ። «የወዲያኛው ማማ መስሎኝ መለስኩ። ቀና ስል አውሮፕላን! እሱን ሳይ ግሪሳው የማሳውን እኩሌታ ጠራርጎ በላው። አባቴ ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። ወላሂ፣ አልቆጨኝም።»

«የሚያፏጭ አውሮፕላን» ብዬ ስልኬ ላይ ፈለግኩ። ቫይካውንት ይሉታል፤ ቱርቦፕሮፕ በሚባለው፣ ተርባይን ፕሮፔለሩን በሚያዞርበት ሞተር መንገደኛ በማመላለስ የመጀመሪያው ነው። ሲሄድ ያፏጫል። ከመርጋቱ የተነሳ ተሳፋሪዎቹ ሳንቲም በጠርዙ ጠረጴዛ ላይ ያቆሙ ነበር አሉ። (የእኛን ባጃጅ አስቡት።)

የእሳቸው እሱ ይሁን ሌላ፣ እንጃ። ብቻ ድምፁን ከፈትኩላቸው።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱና አፏጩ።

ከማዶ ማሳ አንድ የማላውቀው ሰው በፉጨት መለሰ።

ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን አልገለጡም። «ዛሬ ገና መለሰልኝ» አሉ።

እናንተስ፣ ልጅ ሳላችሁ በላያችሁ ላለፈው አውሮፕላን ምን አላችሁት?